ለሃሊፋክሱ አንገት መቅያ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ሟች፣ ክቡር የሃሊፋክሱ ጂቤት፣ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሺር አውራጃ፣ ሸማኔ በበዛባት በሃሊፋክስ ከተማ ተወልደው እዚያው ሲያገለግሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1650 የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዎች ካሰናበቱ በኋላም ከሥራ ዓለም ተለይተዋል። ቁመተ ሎጋ ነበሩ፦ አራት ሜትር ተኩል ያህል የሚዘልቁ ሁለት ቋሚዎች፣ በመካከላቸው የሚንሸራተት ከባድ ግንድ፣ ከግንዱ ሥር ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን የመጥረቢያ ስለት። ግንዱን ከላይ ሰቅሎ የያዘው አንድ ችንካር ነበር፤ ችንካሩ ላይ ገመድ ታስሯል። ገመዱ ከተሳበ የቀረውን ሟች ራሳቸው ይጨርሱት ነበር። ትዳር ባይዙም ዘር አላጡም። በ1564 የተሠራችው የኤድንብራዋ «ሜይደን» የእርሳቸው ልጅ ናት ትባላለች፤ የስኮትላንዱን እንደራሴ ሞርተንን በ1581 የሸኘችውም እሷ ናት። የፈረንሳዩ ጊሎቲን ዝምድናውን ባያምንም መልኩ ያሳብቅበታል።

የቆሙለት ሕግ አጭር ነበር። በሃሊፋክስ ክልል ውስጥ 13 ፔንስ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ሰርቆ እጅ ከፍንጅ የተያዘ፣ ዕቃውን ተሸክሞ የተገኘ፣ ወይም ሰርቄአለሁ ብሎ ያመነ ሰው አንገቱ ይቀላል። የከተማው እንጀራ ከርሲ የሚባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ከርሲ ደግሞ ታጥቦ ሲወጣ ተወጥሮ ካልደረቀ ስለሚሸበሸብ፣ በየዳገቱ ላይ በሜንጦ በተሞላ የእንጨት መወጠሪያ ተሰቅሎ ውጭ ያድራል። የአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን ድካም ያለ ዘበኛ ለሌሊት ይተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከአራት ቀበሌዎች አራት አራት ሰው ተጠርቶ አሥራ ስድስቱ፣ ያለ መሐላ፣ ዕቃውን አይተውና ዋጋውን ገምተው ይፈርዳሉ። የተፈረደበትም በገበያ ቀን እግሩ በግንድ ተጠርቆ፣ የሰረቀው ጨርቅ ጀርባው ላይ ተደርጎ ለሕዝብ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ሟች ይወሰዳል።

በዚህ ጊዜ ከለቀስተኛው መካከል አንዱ ተነስቶ «ለአሥራ ሦስት ፔንስ አንገት መቅላት አረመኔነት ነው» ማለቱ አይቀርም። ሟችን በዚህ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በቀረው እንግሊዝ ከ12 ፔንስ በላይ የሰረቀ ሰው በስቅላት ይቀጣ ስለነበር፣ ሃሊፋክስ እንዲያውም በፔንስ ተኩል ትለግስ ነበር። ስለ አሟሟቱም ቢሆን፣ ስቅላት በዚያ ዘመን ታንቆ ቀስ በቀስ መሞት ነበር። በሰይፍ ወይም በመጥረቢያ መሞት የመኳንንት ክብር ነው፤ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ እንኳ በ1587 በአንድ ምት አልተገላገለችም። ሟች ይህን ክብር ለበግ ሌባ ሳይቀር በነጻ አድለዋል፣ እጃቸውም ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ለንደን ላይ አንገቱን ባጣ በአሥራ አምስት ወሩ አብርሃም ዊልኪንሰንና አንቶኒ ሚቸል በ16 ያርድ ከርሲና በሁለት ፈረሶች ምክንያት ያው ዕጣ ሲደርሳቸው፣ ሞታቸው ከንጉሥ ሞት የሚያንስበት ነገር አልነበረም።

የሟች ጥፋት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ገመዱ ላይ። ዊልያም ሃሪሰን በ1587 እንደጻፈው፣ በቦታው የተገኘ ሰው ሁሉ ገመዱን ይይዛል፤ ያልደረሰለትም በፍርዱ መስማማቱን ለማሳየት ክንዱን ወደ ገመዱ ይዘረጋል። የተሰረቀው በሬ ወይም ፈረስ ከሆነ ገመዱ ከእንስሳው ጋር ይታሰርና ችንካሩን እንስሳው ይነቅለዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ግድያውም እንዲሁ ተከፋፍሎ ማንም ሳይከብደው ያልቃል። ባለጨርቁ ከሳሽ ነው፤ የሚፈርዱት የጨርቅ ኑሮ የሚኖሩ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ገመዱን የሚስቡትም እነርሱው። ሕዝቡ በገዛ እጁ ፈረደ ብለው ይህን የሚያደንቁ አሉ፤ ጎረቤት የሰውየውን ችግር ስለሚያውቅ ከሩቅ ዳኛ ይልቅ ይራራል ይላሉ። ማስረጃው ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። በሌላው እንግሊዝ ዳኛው ከሩቅ እየዞረ ይመጣል፤ በእርሱና በሌባው መካከል የተቀመጡት ፈራጆች የተሰረቀውን ዕቃ ሆን ብለው 10 ፔንስ ብቻ ያወጣል እያሉ ብዙ አንገት አትርፈዋል። ከዚያም ያለፈ እንደሆነ የንጉሥ ምሕረት የሚመጣበት ጊዜ ነበር። በሃሊፋክስ ግን ዋጋውን የሚገምተው ነገ የራሱ ጨርቅ ዳገት ላይ የሚያድር ሰው ነው፤ ፍርዱም ከጥቂት የገበያ ቀናት አያልፍም፤ የምሕረት ደብዳቤ ከለንደን ቢነሳ እንኳ የሚደርሰው ለቀብር ነው።

«ከ1286 እስከ 1650 የሞቱት መቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ይህ ልከኝነት አይደለም ወይ?» ይባል ይሆናል። ግን ከመቶው ግማሽ ያህሉ የተመዘገቡት ከ1541 ወዲህ ነው፤ የደብር መዝገብ መያዝ የተጀመረው በ1538 ነውና። ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር በአጋጣሚ የተረፈ ወረቀት ቁጥር ነው። ሕጉ የሚያውቃት ምሕረት አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም ርቀት ናት፦ ከስለቱ ሥር አምልጦ ግማሽ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ያለውን የሄብል ወንዝ የተሻገረ ነጻ ነው። ዲኒስ የተባለው በዚህ ተረፈ። ጆን ሌሲም ተሻግሮ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ተረስቻለሁ ብሎ ተመለሰ፣ ጎረቤቶቹም ሳይረሱ ጠብቀው በ1623 ለሟች አስረከቡት።

ስለ አሟሟታቸው ኦሊቨር ክሮምዌል አስቀራቸው የሚል ወሬ አለ። ክሮምዌል ግን አገር ገዢ የሆነው በ1653 ነው፤ ዊልኪንሰንና ሚቸል በተቀሉ ዕለት አየርላንድ ውስጥ ክሎንሜልን ከብቦ ይዋጋ ነበር። ይልቅ ለዚህ ቅጣት የነበረው የሕዝብ ስሜት ተለውጦ ነበር ቢባል ይቀላል። የሞቱት ሟች እንጂ ቅጣቱ አለመሆኑንም መሸሸግ አያስፈልግም፦ ሃያ ዓመት ሳይቆይ፣ በ1670፣ ከመወጠሪያ ላይ ጨርቅ የሰረቀ ከሞት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ፓርላማ በአዋጅ ዘጋ። ስለታቸው በከተማው በባንክፊልድ ቤተ መዘክር ነው፤ ከ1974 ጀምሮም በስማቸው በተሰየመው ጎዳና ላይ አምሳያቸው ቆሟል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። በኖቬምበር 1769 የቀረጥ ሹሙ ዊልያም ዳይተን የወርቅ ሳንቲም እየሸረፉ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩ ወንበዴዎችን ሲያሳድድ እዚያው ሃሊፋክስ ውስጥ ተገደለ። ገዳዮቹ ቶማስና ኖርማንተን ዮርክ ድረስ ተወስደው በ1770 ቢዳኙም፣ ሩቁ ችሎት ማስረጃው አይበቃም ብሎ ለቀቃቸው። የተሰቀሉት ከዓመታት በኋላ፣ በ1774ና በ1775፣ በመንገድ ዘረፋ ተከሰው ነው። ሟች በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ይገላግሉን ነበር የሚል ካለ፣ ሟች የቆሙለት ሕግ ስለ ሌብነት እንጂ ስለ ነፍስ እንዳልነበረ ያስታውስ። ሰው የገደለ በእርሳቸው ዘመንም ዮርክ ይላክ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ማሽን የተተከለው ለከርሲው ነው።