በእግሩ የመጣ ጥፋተኛ

ካዛንቺስ ውስጥ አልጋ ፈልጎ በገዛ እግሩ ሆቴል በር ላይ የሚቆም ሰው ጥፋተኛ ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ያልገባው ካለ ይኸው፦ ሻንጣውን እየጎተተ መጥቷል፤ ገንዘቡን በኪሱ ይዟል፤ ይባስ ብሎ ዛሬውኑ ለማደር ቆርጧል። እንዲህ ላለ ሰው ቅናሽ አይገባውም። ቅናሽ የሚገባው በዓይን ላልታየ እንግዳ ነው፤ ገና ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ተቀምጦ ስልኩን ለሚነካካው፣ ይምጣ አይምጣ ለማይታወቀው፣ ሐሳቡን ቢቀይር ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ያለ ቅጣት ለሚሰርዘው። ሆቴሎቻችን ይህን ጥበብ ጠንቅቀው በማወቃቸው ሊመሰገኑ ይገባል። እስካሁን ያመሰገናቸው ስላልተገኘ እኔ ልጀምር።

ድሮ አላዋቂነት ነበር። የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ይላል፤ ከውስጥ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ" ይባላል፤ እግሩ ታጥቦ፣ የተገኘው ቀርቦለት፣ መደብ ላይ ጎኑን ያሳርፋል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከፍተው ምግብ በገንዘብ መሸጥ ሲጀምሩ መኳንንቱ ነገሩ እንግዳ ሆኖባቸው ነበር ይባላል፤ በሚነገረው ወግ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተመግበው ሂሳባቸውን ከፍለው ነው ሥርዓቱን ያስለመዱት። ያም ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱን "ዋጋው በየት በኩል እንደመጡ ይወሰናል" ያላቸው አስተናጋጅ ያለ አይመስለኝም። ያ ብስለት የመጣው በእኛ ዘመን ነው።

አሠራሩን ላልቀመሰው እናሳየው። እንበል ሃያ ዓመት ባሕር ማዶ የኖሩ አንድ ጋሼ ከቦሌ ታክሲ ይዘው ካዛንቺስ ወረዱ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ ፈገግታዋም ከልብ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ።"

"እንኳን ደህና ቆየሽ ልጄ። አልጋ ስንት ነው?"

"መቶ ዶላር፣ ፕላስ ፕላስ።"

"አንዱ ፕላስ ምንድን ነው?"

"ሰርቪስ ቻርጅ፣ አሥር በመቶ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ቫት፣ አሥራ አምስት በመቶ።"

ቫቱ በሰርቪስ ቻርጁም ላይ ስለሚታሰብ መቶው 126 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ይከፍታሉ። ያው ሆቴል፣ ያው ክፍል፣ ያችው ሌሊት፣ ቁርስና ታክስ ተጨምሮበት 80 ዶላር!

"ልጄ፣ እዚህ ላይ ሰማንያ ይላል እኮ።"

"እሱ የኦንላይን ዋጋ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ በሰማንያ ስጪኛ።"

"ሲስተሙ አይፈቅድልኝም።"

"ማናጀሩ የሉም?"

"ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"እና ምን ይሻለኛል?"

"እዚያ ሶፋው ላይ አረፍ ብለው በስልክዎ ቡክ ቢያደርጉ ይሻላል። ዋይፋይ አለን፤ ፓስወርዱን ልጻፍልዎ።"

ጋሼ ሶፋው ላይ አረፍ ይላሉ። ጥያቄያቸው ከካዛንቺስ ተነስቶ አምስተርዳም ባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ተመልሶ ሦስት እርምጃ ማዶ ካለው ኮምፒውተር ይደርሳል። ልጅቱ ቀና ብላ "ቡኪንግዎ ደርሶናል፣ እንኳን ደህና መጡ!" ትላለች። አሁን በትክክል መጡ። ቅድም የመጡት አልተቆጠረም።

ሂሳቡን ደግሞ እንየው፤ ምስጋናው የሚገባበት ቦታ እዚህ ነውና። እነዚህ የቡኪንግ ድርጅቶች ከሆቴሎች የሚወስዱት ኮሚሽን 15 በመቶ አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በየገበያው ከፍም ዝቅም ይላል። ከ80 ዶላር ላይ 15 በመቶ 12 ዶላር ነው፤ ሆቴሉ እጅ የሚቀረው 68። ጋሼ ቆመው "ሰባ አምስት ልክፈል፣ ይኸው ገንዘቡ" ቢሉ ኖሮ እሳቸው 5 ዶላር ይተርፋቸዋል፣ ሆቴሉ 7 ዶላር ይጨመርለታል። በዚህ ስምምነት የሚከስረው አምስተርዳም ብቻ ነው። ሆቴላችን ግን ጨዋ ነው፤ የሩቅ ሰው ከሚከስርበት እሱም እንግዳውም ቢከስሩ ይመርጣል። "የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ" ያሉት አባቶች የአምስተርዳምን በሬ አላዩትም።

ለፍትሕ ሲባል የሰፈሩን ደላላ እናስታውሰው። ያ ምስኪን እንግዳውን ከመኪና አውርዶ፣ ሻንጣ ተሸክሞ፣ ደረጃ አስወጥቶ "እንግዳ አምጥቻለሁ" ሲል ጥበቃው "ሂድ ከዚህ፣ በር አትዝጋ" ይለዋል። እንግዳ ያደረሰው ባለታክሲም ለሻይ የምትሆን ነገር ከጠየቀ ስሙ ይጠፋል። ላብ ያፈሰሰ ኮሚሽን ሌብነት ነው፤ ላብ ያልነካው ኮሚሽን ግን ዲጂታል ነው።

በዚህ ላይ የሆቴሎቹ መልስ ይታወቃል፦ "ውል አለብን፤ ከእነሱ ዋጋ በታች መሸጥ አንችልም።" መልካም። ውል ይከበር። ግን ይህ ውል በተወለደበት አህጉር ምን እንደደረሰበት ማወቅ ለጨዋታ ያህል አይከፋም። ቡኪንግ ዶት ኮም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1996 ኔዘርላንድ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ባለቤቱ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሆቴሎች ከእሱ ባነሰ ዋጋ በሌላ መንገድ እንዳይሸጡ የሚያስረውን አንቀጽ አውሮፓውያን ሆቴሎች ዝም ብለው አልፈረሙለትም። ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የስዊድን የውድድር ባለሥልጣናት ገመዱን እንዲያላላ አደረጉት፤ ሆቴል በስልክም ሆነ በሪሴፕሽን በኩል ለሚመጣ እንግዳ ዋጋ ዝቅ ቢያደርግ እንዳይከለከል ተስማማ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ አንቀጹን በሕግ ሻረችው፤ የጀርመን የካርቴል መሥሪያ ቤትም ጨርሶ ከለከለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የስፔን ባለሥልጣን በኩባንያው ላይ 413 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ኩባንያው ራሱ በዚያው ወር መባቻ አንቀጹን ከአውሮፓ ውሎቹ አወጣ፤ በመስከረም ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ እገዳ ለሥራው አስፈላጊ ነው የሚለውን ክርክር ውድቅ አደረገው።

ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ሙግት ሆቴል ከወኪሉ ያነሰ ዋጋ የመስጠት መብት እንዲኖረው ነው። የካዛንቺስ ሆቴል የሚለመነው ግን እኩል እንዲሰጥ ብቻ ነው። እኩል መስጠትን የሚከለክል ውል የለም፤ አንቀጹ ጥብቅ በነበረበት ዘመን እንኳ የሚለው "ከእኔ አታሳንስ" ነበር እንጂ "ደጅህ የቆመውን ከእኔ አስበልጠህ አስከፍል" አይልም። ይህን የጨመርነው እኛ ነን፤ በራሳችን ተነሳሽነት፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት። አውሮፓውያኑ ገመድ ሲበጥሱ እኛ ያልታሰረውን እጃችንን ዘርግተን "ጠበቅ አድርጉት" አልን።

ዓለም አቀፎቹ ሰንሰለት ሆቴሎች በዚህ በኩል ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው። ሒልተንን፣ ማሪዮትንና ሐያትን የመሳሰሉት በዓለም ዙሪያ ያስነገሩት ደንብ አላቸው፦ በእኛ በኩል ይዘው ሌላ ቦታ ያነሰ ካገኙ ዋጋውን እናስተካክላለን፣ ቅናሽም እንጨምርልዎታለን። በእርግጥ መላእክት አይደሉም። ክፍሉ አንድ ዓይነት፣ ቀኑ አንድ ዓይነት፣ የሰረዛ ሁኔታው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አቤቱታውም አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት። የዋስትናውን ሁኔታዎች አንብቦ የጨረሰ ሰው ጠበቃ ሆኖ ይወጣል። ቢሆንም አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ በቀጥታ ወደ እነሱ የመጣ እንግዳ ርካሽ እንግዳ ነው፤ ኮሚሽን አይበላበትምና። እኛ ደግሞ የገባን ሌላ ነው።

የእኛ መረዳት ከሰፈሩ ታሪክ የተቀዳ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1958 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተመሠረተ፤ በ1969 ሒልተን ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ካዛንቺስና አካባቢው የልዑካን መተኛ ሆነ፤ ኋላ ደግሞ ጁፒተር፣ ኤሊሊና ራዲሰን ሆቴሎች በየተራ በቀሉ። ልዑክ በአበል ያድራል፤ የተባበሩት መንግሥታት የቀን አበል የማደሪያ ድርሻ አለው፤ ከኪሱ የማይከፍል ሰው በዋጋ አይከራከርም። በዚህ የተማረ ሆቴል በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ ልዑክ አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስማ ለእህቱ ሠርግ ከጎንደር የመጣው ሰው ሳይቀር ክቡር ሚኒስትር ሆኖ ይከፍላል።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። ዋጋውን በዶላር የሚቆርጥ ሆቴል ሂሳቡ እንግዲህ በብር ሲታሰብ እጥፍ ገደማ ሆነ። ያን ያህል ያልተወራው ኮሚሽኑም በዶላር መሆኑ ነው፤ ያቺ 12 ዶላር ትናንት ሰባት መቶ ብር እንኳ የማትሞላ ነበረች፣ ወዲያው ከሺህ ሁለት መቶ አለፈች። አገር ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረት ምህላ በያዘበት ዘመን ሎቢው ውስጥ የተቀመጠን እንግዳ በውጭ ምንዛሪ ከውጭ አገር ገዝቶ ማስገባት የጀግና ሥራ ነው። ቡና እንልካለን፣ እንግዳ እናስመጣለን፤ እንግዳው ግን ቀድሞም እዚሁ ነበረ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰና አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ በየጉያቸው የነበሩት ትንንሽ ፔንሲዮኖችም አብረው ሄዱ። እነዚያ ፔንሲዮኖች አንሶላቸው ሳስቶ ይሆናል፤ ሙቅ ውሃውም እንደ ባለቤትየዋ ፈቃድ ነበር። ነገር ግን "አልጋ ስንት ነው?" ሲባሉ ቁጥር ይናገሩ ነበር። "ትንሽ ቀንሺ" ቢሏት "ለእርስዎ ብዬ ነው" ትልና ትቀንሳለች። ሲስተሟ እሷው ራሷ ነበረች፤ ስብሰባም አትገባም።

ጥበቡ እንዲህ ከተስፋፋ በግማሽ መቅረት የለበትም፤ እኔም የበኩሌን ሐሳብ ልለግስ። አንደኛ፣ በየሆቴሉ መግቢያ "በእግር መምጣት ያስቀጣል" የሚል ሰሌዳ ይሰቀል፤ ጥበቃው ፍተሻውን ሲጨርስ "በማን በኩል መጡ?" ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሎቢው ውስጥ ያለው ሶፋ ይብዛ፤ የሆቴሉ ዋና የሽያጭ ክፍል እሱ ነውና ለሠራተኛ የሚሰጠው ማበረታቻም ለሶፋው ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ቡኪንግ ለደንበኞቹ "ጂኒየስ" የሚል ማዕረግ ሰጥቶ ከአሥር በመቶ ጀምሮ ቅናሽ ያስደርግላቸዋል፤ ቅናሹን የሚሸከመው ሆቴሉ ነው። ሚዛኑ እንዲጠበቅ ሆቴሎቻችን በበራቸው ለሚገቡት "የዋህ" የሚል ማዕረግ ይስጡና 26 ከግማሽ በመቶ ይጨምሩባቸው፤ መጨመሩንስ ጀምረዋል፣ የቀረው ማዕረጉ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ምድር ቤት ያለችው የጀበና ቡና ሻጭም ከዘመኑ ጋር ትራመድ፤ ስኒው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ለሚጠይቃት ሃምሳ ብር፣ ከአምስተርዳም ለሚያዝዛት ሠላሳ።

ሽሙጡ ይብቃና ቁም ነገሩን እንናገር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ከሪሴፕሽኑ ጀርባ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለው፣ ማንም የማይከፍለው፣ ሁለት ፕላስ ያንጠለጠለ ቁጥር ዋጋ አይባልም። ዋጋ ማለት እንግዳው በመጨረሻ ከኪሱ የሚያወጣው ነው፤ የሚጻፈውም ታክሱና ሰርቪሱ ተደምሮበት መሆን አለበት። የሆቴል ባለቤቶች ሆይ፦ ለስልኩ የሰጣችሁትን ዋጋ ሳትለመኑ ለበራችሁ ስጡ፤ ለሪሴፕሽን ሠራተኞቻችሁም ያን የማድረግ ሥልጣን ጽፋችሁ ስጡ፤ ማናጀር ከስብሰባ እስኪወጣ እንግዳ ሶፋ ላይ አይጠብቅ። ከኮሚሽኑ የምታተርፉትን ግማሹን ለእንግዳው ብትተዉለት ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

እንግዶችም፦ ዋጋውን በስልክ አይታችሁ ለሆቴሉ ደውሉ፤ ታክስ የተደመረበትን የመጨረሻ ቁጥር ጠይቁ፤ ስክሪንሾታችሁን ያዙ። እኩል ካልሰጧችሁ ሶፋው ላይ አትቀመጡ። ቀጥሎ ያለው ሆቴል ሩቅ አይደለም፤ በካዛንቺስ ሆቴልና ሆቴል የሚለያያቸው አንድ መንገድ ነው።