ቁርበት አንጥፉልኝ

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወጣት ጅብ ከተወለደበት ጎሬ ወጣ። የጅብ ወግ እንዲህ ነው፤ ሴቷ እናቷ ዘንድ ትቀራለች፣ ወንዱ ሲጎለምስ አገር ይለውጣል። አያ ጅቦም አዋሽን ተሻግሮ ከማያውቁት ጅቦች ዘንድ ደረሰና፣ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ።

የጎሬዋ አለቃ እመት ጅቢት ቀና ብላም ሳታየው፣ «ወንዶቹን ጠይቅ» አለችው።

ወንዶቹ ከበው አሸተቱት። ጆሮ ቆራጣው፣ «መብላትስ ይበላል፤ አንበሳ ሲመጣ ጥሎን ቢሸሽስ?» አለ። ስለዚህ ቁርበቱን ራሱ እንዲያመጣ፣ ማዕድም ከሁሉ ኋላ እንዲቀርብ ተፈረደ። አያ ጅቦ ሦስት ሌሊት ደክሞ አንድ የበሬ ቁርበት ጎትቶ መጣ። ወንዶቹ ቁርበቱን እዚያው ተቀራመቱትና፣ «አሁን የእኛ ነህ» አሉት። ለእሱ የጭራው ጫፍ ደረሰው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ እንግዳ መጣ። አያ ጅቦ ጸጉሩን አቁሞ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። «ይሄ በአንድ ቁርበት ከገባ የእኔ ድካም ምን ሊባል ነው? ሁለት ያምጣ!» ለወንዶቹ ፍትሕ መሰላቸው። ሁለት የከፈለው ሦስተኛውን አራት አስከፈለው። አራት የከፈለው አራተኛውን ስምንት ጠየቀው። አራተኛው ስምንቱን ፍለጋ እንደወጣ ቀረ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም ድንበር ላይ ሰፈሩ።

አንድ ቀን የእመት ጅቢት ግልገል፣ «እማዬ፣ ከወንዶቹ መካከል እዚህ የተወለደ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እመት ጅቢት አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «ማንም» አለች።

ወንዶቹ ተቆጡ። መክረው ዘክረው፣ «ግልገሉም አዲስ ነውና ቁርበት ያምጣ» ብለው ፈረዱ። እናቱ ጥርሷን ስታሳያቸው ግን ፍርዱን በቀጠሮ አሳደሩት።

ዓመታት አለፉ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አለቁ፤ የሚተካቸው አልገባም። አንድ ሌሊት ጅቦቹ ሳላ ጥለው ገና ሳይቀምሱ አንበሶች መጡባቸው። ቢቆጠሩ ጥቂት ናቸው። «ወገን ድረስልን!» እያሉ ጮኹ።

ከድንበሩ ማዶ ብዙ ድምፅ መለሰ፦ «መምጣቱንስ በመጣን! ሰባት ሰባት ይዘናል፤ ስምንተኛው ጎደለን!»

ሁሉም አያ ጅቦን አዩት። አያ ጅቦ አንበሳው ሳላውን ሲጎትት እያየ፣ «በሰባትማ አይሆንም» አለ።