«ሩጥ አላልኩህም»

በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚሸመደደው በ‹ሲኖኒም› ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍሉና በግራ በኩል ‹ፋስት› ብለው ይጽፋሉ፤ በቀኝ በኩል ዘመዶቹ ይደረደራሉ፦ ኩዊክ፣ ራፒድ፣ ስዊፍት፣ ስፒዲ፣ ብሪስክ። ማትሪክ ላይ አንዱ ይሰመርበታል፤ ከምርጫዎቹ መሀል ወንድሙን ፈልጎ ማጥቆር ነው። ሁሉም አንድ ናቸው ተባልን፣ አንድ ናቸው ብለን አጠቆርን፣ አለፍን።

ዲቪ ደርሶኝ ዋሽንግተን ዲሲ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ማጠብ ነው። አርብ ማታ ኪችን ገብቶ ያላየ ሰው ጥድፊያን አየሁ ባይል ይሻላል። ትእዛዝ የሚያትመው ማሽን አንዴ መንጫጫት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ያንን ሰዓት ‹ራሽ› ይሉታል፤ ክረምት ገባ እንደሚባለው ‹ራሽ ገባ› ይባላል፣ ሁሉም እጅጌውን ይሰበስባል። ስዊፍት የሚል ሰው የለም፤ ብሪስክ የሚልም የለም። ያለው ‹ሃስል› ነው፣ ‹ፑሽ› ነው። የተረሳ ሳህን ካለ ‹ኦን ዘ ፍላይ› ይባላል፤ ተራ ሳይጠብቅ ከሁሉም ቀድሞ ይውጣ ማለት ነው። በአብሳዮቹና በአስተናጋጆቹ መሀል ቆሞ ሳህን የሚያሳልፈው ሰው ‹ኤክስፖ› ነው፤ ‹ኤክስፒዳይተር›ን አሳጥረውት ነው። የቃሉ ላቲን ሥር እግርን ከእስር መፍታት ማለት ነው።

ከሰሌዳው ቃላት እዚያ የጠበቀኝ አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም በሌላ ቋንቋ። ዲሲና አካባቢው ኤልሳልቫዶራውያን የሚበዙበት አገር ነው፤ አብሳዮቻችንም አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ። ‹ራፒዶ! ራፒዶ!› ሲሉኝ ደስ አለኝ። የእንግሊዝኛው ራፒድና የስፓኒሹ ራፒዶ ከአንድ የላቲን እናት የተወለዱ ናቸው፤ ነጥቆ ከመውሰድ ጋር የሚዛመድ ሥር ነው።

አንድ አርብ ማታ፣ ራሹ በተጋጋለበት ሰዓት፣ ሼፉ ‹ሃስል!› ብሎ ጮኸ። በኪችን ደንብ ከሰው ጀርባ የሚያልፍ ‹ቢሃይንድ›፣ ማዕዘን የሚታጠፍ ደግሞ ‹ኮርነር› ብሎ ማሰማት አለበት። በዚያ ሳምንት የተቀጠረ ወጣት አስተናጋጅ ሾርባ ይዞ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ማዕዘኑን በሩጫ ታጠፈ። እኔ ከማሽን የወጣ ትኩስ ሳህን ከምሬ ታቅፌ እየመጣሁ ነው። ተላተምን። ሳህኑ ወለሉ ላይ ተበታተነ፤ ሾርባው ክንዴ ላይ ተገለበጠ። ሼፉ እየተራመደ መጣና ምንም ሳይናገር ክንዴን ይዞ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር አስገባው። ቀጥሎ ወደ ልጁ ዞረ፦ «ሃስል ነው ያልኩህ፤ ሩጥ አላልኩህም።»

ክንዴ ከቧንቧው ሥር እያለ ይህ ንግግር አእምሮዬ ውስጥ ተመላለሰ። ሰሌዳው ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አንድ ናቸው ብዬ አጠቁር ነበር። ለሼፉ ግን ሩጫ የእግር ነው፤ ሃስል የእጅ፣ የዓይንና የአፍ ነው። ባዶ እጅህን አትግባ፣ ባዶ እጅህን አትውጣ፤ ሳህን አድርሰህ ስትመለስ የቆሸሸውን ይዘህ ና፤ የሚቀጥለውን ሥራ ሳይነግሩህ እየው፤ ስታልፍ ድምፅህን አሰማ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ሳይሮጥ ይቀድማል። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚያች ማዕዘን ይመስለኝ ጀመር።

ሳህን ማጠቢያው ላይ አብሮኝ የሚሠራ ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ወታደር ነበር። ክንዴ እስኪሽር የእኔንም ድርሻ እየሠራ ብዙ አጫወተኝ። በእነሱ ሠራዊት ፍጥነት በግምት አይታዘዝም። ‹ኩዊክ ታይም› ሲባል በደቂቃ 120 እርምጃ ነው፤ ‹ደብል ታይም› ሲባል 180። ‹ኦን ዘ ደብል› የተባለ ወታደር ስንት እርምጃ እንደተጠየቀ ያውቃል። ትእዛዝ እንዲህ ልኩ ተነግሮ ሲመጣ የታዛዡ ክብር ይጠበቃል፤ የቻለውን አድርጎ ‹ዘገየህ› የሚባልበት ምክንያት አይኖርም።

ክብርን ካነሳሁ አይቀር፣ ‹ፍጠን›ን ማን ለማን እንደሚለውም አብሮ መታየት አለበት። ‹ቾፕ ቾፕ› የሚሉት አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ቻይና ወደቦች ነጋዴዎች ይግባቡበት ከነበረው ቅይጥ እንግሊዝኛ የመጣ ነው። ሠራተኛ ለአለቃው ሲለው ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ብዙ ጊዜም ከማጨብጨብ ጋር። ‹ሌትስ ጎ› ግን ተናጋሪውንም ይጨምራል፤ አብረን እንሂድ ነው። በእኛም ቢሆን እናት «ቶሎ በል እንጂ የኔ ጌታ» ስትልና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ‹በጣም አስቸኳይ› የሚል ማህተም ሲያርፍበት፣ ሁለቱ ሰው ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ለየቅል ነው።

ከምግብ ቤቱ ወጥቼ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ሆስፒታል ስገባ ሌላ ቃል ጠበቀኝ፦ ‹ስታት›። ላቲን ነው፣ ‹ስታቲም› ከሚለው ያጠረ፤ ወዲያውኑ ማለት ነው። አንድ ሌሊት የደም ናሙና ‹ስታት› ላብራቶሪ እንዳደርስ ተሰጠኝ። ናሙና የሚላክበት የአየር ቱቦ ተበላሽቷል፤ አሳንሰሩ በየፎቁ ይቆማል። ደረጃውን ይዤ ልፈተለክ ስል በፈረቃው የነበሩ አንዲት ሐበሻ ነርስ፣ እንደ አገራችን ወግ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው፣ ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ፈጠን ብለን እንራመዳለን እንጂ አንሮጥም።»

«ሲስተር፣ ስታት ነው ብለውኛል እኮ።»

«ቢሆንም። ሯጭ ሲያይ አስታማሚ ሁሉ ሰው የሞተ ይመስለዋል። አንተም ስታለከልክ ብትደርስ እጅህ ይንቀጠቀጣል። በል ሂድ፣ መንገድ ላይ ከማንም ጋር አታውራ፤ ስታት ማለት እሱ ነው።»

ከሼፉ ጋር አይተዋወቁም፤ ትምህርታቸው ግን አንድ ነው።

እየቆየሁ ስሄድ የሰሌዳው ቃላት ሁሉ የየራሳቸው ቤት እንዳላቸው አየሁ። ራፒድ ሆስፒታል ውስጥ በእንግሊዝኛም ይኖራል፤ በሽተኛ ድንገት ሲደክም በድምፅ ማጉያው ‹ራፒድ ሪስፖንስ› ይጠራል። ብሪስክ የሐኪም ቃል ነው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ‹ብሪስክ ዎክ› ይታዘዛል፣ ወሬ የሚያስወራ፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት እርምጃ ነው። ስፒዲ የፍርድ ቤት ነው፤ በ1791 የጸደቀው 6ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለተከሳሽ ‹ስፒዲ ትራያል› ይሰጣል፣ ፍርድ ሳያይ ታስሮ እንዳይከርም። ስዊፍትን ያገኘሁት ባንክ ነው፤ በ1973 የተመሠረተው የባንኮች መልእክት መለዋወጫ ድርጅት ስሙ እሱ ነው፣ አዲስ አበባ ላለ ሒሳብ ገንዘብ ስንልክ የምንጠየቀውም ‹ስዊፍት ኮድ› የእሱ ነው።

ፋስትስ? ፋስት በጥንቱ እንግሊዝኛ ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ጾምም በእንግሊዝኛ ‹ፋስት› የሆነው ከዚሁ ነው፤ አጥብቆ መያዝ። እኛም ጾም ያዝን እንላለን። አዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የጾም ምግባቸውን ‹ፋስቲንግ ፉድ› ብለው ሲጽፉ የቃሉን የጥንት ሥር ነክተዋል። ኩዊክ መጀመሪያ ሕያው ማለት ነበር፤ ስፒድም መሳካት፣ መቅናት። ፍጥነት የሚል ትርጉም የያዙት በኋላ ነው። ሳስበው እውነት አለው፤ የጸና፣ ሕይወት ያለውና ሥራው የቀናለት ሰው ፈጣን ነው።

ስለዚህ በዲሲ ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያም በሲልቨር ስፕሪንግም አዲስ መጤ ወገኖቻችንን እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ልመናዬ አንድ ነው። እነዚህን ቃላት በዝርዝር አትስጧቸው፤ ከነቤታቸው፣ ከነተናጋሪያቸው አስተምሩ። የብዙዎቹ የመጀመሪያ ሥራ ኪችን፣ መጋዘን ወይም ሆስፒታል ነው፤ መጀመሪያ የሚሰሙትም ትእዛዝ ፍጠኑ የሚል ነው። ‹ሃስል› ሲባል የሚሮጥ ልጅ ክንዱን ያቃጥላል፤ ካልሆነም የሌላውን። ደግሞም መጠየቅን አስተምሯቸው፦ አሁኑኑ ነው ወይስ ከዚህኛው ቀጥሎ? የትኛውን ሥራ ላቁም? ፍጠን የተባለ ሰው ይህን መጠየቅ መብቱ ነው፤ መልስ መስጠትም የአዛዡ ግዴታ ነው።