ለእማዬ ኮር አይ ሰቨን

ለወላጅ ኮምፒውተር ሲገዛ ወላጅን መጠየቅ ነውር ነው። ጨዋ ልጅ ጓደኛውን ይጠይቃል፤ ጓደኛው ደግሞ የቴሌግራም ቻናል ያለው ሌላ ጓደኛውን ይጠይቃል፤ ቻናሉም "ኮር አይ ሰቨን፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ የቀረው" ብሎ ይመልሳል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሰበታ ያሉት እናት ኮምፒውተሩን ለምን እንደሚፈልጉት፣ ከነጭራሹም ይፈልጉት እንደሆነ፣ ዕቃው መኪና ላይ ተጭኖ ዓለም ገናን እስኪያልፍ ድረስ ትዝ ያለው የለም። ቢጠየቁማ "ልጄ፣ መነጽሬን ብታሠራልኝ ይሻለኛል" ሊሉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ ፎቶ ተነስቶ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍም።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ልጆች መሀል ከተማ ቀሩ፤ ወላጆች ግቢ ያለው ቤት ይሻላል ተብሎ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ወጡ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለዋል፤ ስማቸው ሲጠቃለል ግን መንገዳቸው አላጠረም። ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ለመግባት የታክሲውን ሰልፍ የሚያውቅ ልጅ በየሳምንቱ ብቅ ይበል ማለት ጭካኔ ነው። ስለዚህ በራሱ ፈንታ ዕቃ ይልካል። ዕቃው የእሱን ቦታ የሚሞላ ስለሆነም ተራ ዕቃ ሊሆን አይገባም።

የዕቃው ክብር የሚለካው በቁጥር ነው። አይ ስሪ ለተማሪ፣ አይ ፋይቭ ለቢሮ፣ አይ ሰቨን ለእናት። የዚህ ስሌት ውበቱ ሻጩንም ገዢውንም ከሁለተኛ ጥያቄ መገላገሉ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም "ስንተኛ ጀነሬሽን?" የሚለው፣ ደስታ ያደፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ባለ ሁለት ኮር የላፕቶፕ አይ ሰቨን እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣ የላፕቶፕ አይ ስሪ ያነሰ ጉልበት እንዳለው ማወቅ ለማን ይበጃል? ዊንዶውስ 11 በወጉ እንዲጫን ከኢንቴል ወገን ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈለጋል፤ ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያሰበ ሰው አሥር ዓመት ያለፈውን አይ ሰቨን ጥሎ የቅርቡን አይ ስሪ ሊያነሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ በምን አፉ ለዘመድ ያወራል? ላፕቶፑ ላይ "አይ ሰቨን" የሚል ተለጣፊ አለ አይደል? ተለጣፊው ለብቻውም ተገዝቶ እንደሚለጠፍ ማንሳት ምቀኝነት ነው። ለማያውቁሽ ታጠኚ ተብሏል፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ቡራዩ፣ የገፈርሳ ግድብ ካለበት አቅጣጫ፣ አንድ ሳሎን ላስገባችሁ። ቡፌው ላይ፣ በምርቃት ፎቶውና በፕላስቲክ አበባው መካከል፣ ላፕቶፑ ክዳኑ እንደተዘጋ ተቀምጧል። ላዩ ላይ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል አለ፤ አራቱም ማዕዘን እኩል እንዲወርድ ተደርጎ ነው የተዘረጋው። ክዳኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ላስቲክ አልተላጠም። የቤቱ አባወራ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ አሁን የእድራቸው ጸሐፊ ሆነዋል። ከቡፌው ሁለት እርምጃ ርቆ ባለው ጠረጴዛ ላይ የወር መዋጮውን በትልቅ መዝገብ ያሰፍራሉ። የከፈለው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ያልከፈለው ስሙ አጠገብ በቀይ ነጥብ ይደረግበታል። ገጹ ሲሞላ ድምሩን በካልኩሌተር ይሠራሉ፤ ካልኩሌተሩን ስለማያምኑት በእጃቸው ይደግሙታል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ከላይ ይጀምራሉ። ኤክሴል ይህን ቁጥሩ ተጽፎ ሳያልቅ ይደምረው ነበር።

ግን ላፕቶፑ የይለፍ ቃል አለው። ያወጣው ልጅየው ነው፤ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና የዶላር ምልክት አለበት። ለደኅንነት ሲባል የትም አልተጻፈም። ደኅንነቱም አስተማማኝ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ሌባ ይቅርና ባለቤቱም እስካሁን አልገቡበትም።

እንግዳ ሲመጣ ግን ዳንቴሉ ይነሳል። "ልጄ ነው የገዛልኝ፤ ኮር አይ ሰቨን ነው" ይባላል። እንግዳው "እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ ልጅ!" ይላል፤ ምርቃቱ ይወርዳል፤ ዳንቴሉም ይመለሳል። ዕቃው የተገዛለትን ሥራ በሚገባ እየሠራ ነው። አይሠራም የሚሉ ሰዎች ሥራው ምን እንደሆነ ያልገባቸው ናቸው።

ከዚህም የላቀ ፍቅር ያለው ልጅ የጌም ላፕቶፕ ይገዛል። ኪቦርዱ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እያፈራረቀ ያበራል፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ ከቻርጀር ሲነቀል ባትሪው እፍኝ ቆሎ ተበልቶ ሳያልቅ ይደክማል። ሱሉልታ የሚኖሩት እናቱ ፍላጎታቸው የአቡነ ዘበሰማያትን ዜማ ከዩቲዩብ መስማት ሊሆን ይችላል። ይሁን፤ ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ቢያንስ እጅ ያሞቃል።

ዳያስፖራው ደግሞ የራሱ ወግ አለው። እሱ አይገዛም፤ ይለግሳል። ቨርጂኒያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን ዴስክቶፕ በካልሲና በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከተፈቀደለት 23 ኪሎ ሻንጣ ግማሹን ይሠዋለታል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። በአንዳንድ ዴስክቶፖች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለች። ልጅየው አላያትም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማየት ምክንያት አልነበረውማ። ሰበታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ገመዱ ይሰካል። አንድ "ጧ!"፣ ጥቂት ጭስ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ፤ ዕጣኑም አይሸፍነው። አዛውንቱ "ከአሜሪካ የመጣ ነገር የእኛን መብራት አይችልም" ይላሉ፤ ጥፋቱ የመብራት ኃይል ሆኖ ይመዘገባል። የላፕቶፕ ቻርጀርማ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ጣጣ የለውም። ጣጣ የሌለው ነገር ደግሞ ትዝታ አይሆንም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ዓይነት ልጅ መጥቷል፤ ቆጣቢው። ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶውን ሲሻገር የላፕቶፕ ዋጋም ተከትሎት ሄደ። ማንም ሰው ቢቆጥብ አይፈረድበትም፤ ቆጣቢያችን ግን ሲቆጥብም ለዓይን ነው። ያገለገለ ዕቃ ለእናቱ አይገዛም፤ ክብር አለ። ስለዚህ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ 4 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ማከማቻ ያለው፣ ከመሣሪያነት ወደ መጫወቻነት የሚያደላ አዲስ ላፕቶፕ ይገዛል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋ ማከማቻ ይጠይቃል። ያ ላፕቶፕ በአሮጌው ዊንዶውስ ይነሳል፤ ከዚያ "ቦታ የለኝም" ማለት ይጀምራል፤ የልጅ ልጅ ፎቶ ከመግባቱ በፊት ሞልቷል። ራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ ማከማቻውም እንዲሁ፤ ባለሙያ ቢከፍተው የሚጨምርበት ቦታ አያገኝም። ሲገዛ ግን ጠረኑ ደስ ይል ነበር።

ስለ ዓይንና ስለ ፊደል ማውራት እንደ ጥቃቅን ነገር ይቆጠራል፤ እኔም ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ሆኖም ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። ማየት የተሳነው ተማሪ በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር ኮምፒውተር እንደሚጠቀም የሚታወቅበት ዘመን ላይ፣ በዚያችው ከተማ የሰባ ዓመት እናት ፊት የጉንዳን እግር የሚያህል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደቅኖ "ቀላል ነው እማዬ፣ ክሊክ አድርጊ" የሚል ልጅ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የጽሑፉን መጠን ወደ 150 በመቶ ማሳደግ ሳንቲም አያስወጣም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፤ ከተደበቀበት ማውጣት ብቻ ነው። በአማርኛ ታይፕ ሲመቱ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ደብዳቤ ሳያዩ የሚጽፉ ጡረተኛ ጸሐፊ "ሀ" የት እንዳለ ለማወቅ የልጃቸውን ስልክ መነሳት ይጠብቃሉ። ልጁ ስብሰባ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ሱሉልታ ላይ አንዲት አሳፋሪ ልጅ ተገኝታለች። ይህችን መኮነን ግዴታ ነው።

ልጅቱ መጀመሪያ ጠየቀች። "እማዬ፣ ምን ትሠሪበታለሽ?" አለቻቸው፤ እናትዋን! እናትየውም ካናዳ ያለችውን የልጅ ልጅ ፊቷን በሰፊው ማየት እንደሚፈልጉ፣ ስልኩ ላይ እያነሰች እንዳስቸገረቻቸው፣ ስብከት መስማት እንደሚወዱ፣ የጽዋ ማኅበሩን ተራ የሚጽፉበት ደብተር እየጠፋ እንዳሰለቻቸው ነገሯት። ከዚያ ሄዳ የመሥሪያ ቤት የነበረ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ገዛች። ኮር አይ ፋይቭ! ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ባለሱቁ አጠገቡ አይ ሰቨን ደርድሮ፣ በትንሽ ብር ልዩነት እየለመናት፣ አልሰማችውም። ይባስ ብላ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላ ቪዲዮ ከፈተችና ባትሪው ስንት በመቶ እንደሚወርድ እያየች ተቀመጠች። ባለሱቁ ሻይ አዘዘላት፤ ጠጣች፤ አልተነሳችም። ካሜራውን፣ ማይኩን፣ እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ሞከረች። ቁጥሩን ዝቅ አድርጋ ባተረፈችው ብር ያገለገለ 22 ኢንች ሞኒተርና ባለ ገመድ ማውስ ጨመረች፤ መብራት ሲሄድ ሞኒተሩ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል። ኢንተርኔቱ ከእናትየው ስልክ ነው፤ ቪዲዮው ፓኬጁን እንዳይጨርሰው ዩቲዩቡ ዝቅተኛ ጥራት ላይ ተደርጓል።

ነውሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮተት ሁሉ አጥፍታ አራት ነገር ብቻ አስቀረች፤ ስማቸውንም "የልጅ ልጅ"፣ "ስብከት"፣ "ጽዋ" እና "ፎቶ" ብላ በአማርኛ ጻፈች። የይለፍ ቃሉን የእናትየው የሠርግ ዓመት አደረገችው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠች። እናትየው ማውሱን ይዘው፣ ቀስቷ ከስክሪኑ ዳር ወጥታ ስትጠፋባቸው፣ እጃቸውን ሳትነካ "ወደ ግራ መልሺው" እያለች ጠበቀች። በሳምንቱም ተመልሳ መጣች፤ የረሱትን ደገመችላቸው፤ ያልረሱትን እሳቸው አሳዩዋት።

ውጤቱን ተመልከቱ። ያ ኮምፒውተር ዳንቴል የለውም። ኪቦርዱ መሀል የዳቦ ፍርፋሪ ገብቷል። ክዳኑ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ታትሟል። እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር ጠፍቶ፣ እናትየው እንግዳውን አስቀምጠው ከካናዳዋ የልጅ ልጅ ጋር ያወራሉ። ጎረቤት "ለመሆኑ ኮር ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቃቸው "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄን ጠይቃት" አሉት። ስጦታ ሆኖ ቁጥሩ የማይታወቅ! ልጅቱ በዘመድ መሀል ስሟ የሚነሳው በምን ይሆን?

እናንተ ግን ይህን መንገድ አትከተሉ። ሱቅ ስትገቡ ስለ ጀነሬሽን አትጠይቁ፤ ባትሪውን ነቅላችሁ አትሞክሩ፤ የእናታችሁን መነጽር ቁጥር አታስቡ። ገና ያልገዛችሁ ወደ ቻናሉ ሂዱ፤ "ጥቂት ፍሬ" እየቀረው ነው። ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉና የይለፍ ቃሉን ንገሯቸው፤ ካስታወሳችሁት።