ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀት፣ ከፍታና በርበሬ

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ በመሄጃም ሆነ በመመለሻ ያው ነው፤ እስካሁን የተቃወመ ወገን የለም። የሚፈጀው ጊዜ ግን ያው አይደለም። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መሬት ሳይነካ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ ወደ ደለስ የሚሄደው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ጎራ ብሎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሮምና ደብሊን ባለፉት ዓመታት ይህን ውለታ ከዋሉ ከተሞች መካከል ናቸው። በዚህ የተነሳ መሄጃው ከመመለሻው ሦስትም አራትም ሰዓት ይረዝማል።

ለዚህ ልዩነት ሁለት መላ ምቶች አሉ።

የመጀመሪያው የበርበሬ መላ ምት ነው። ማስረጃው የሚሰበሰበው በበረራው ዋዜማ፣ ሳሎን መሐል ነው። ለመንገደኛው የተፈቀዱለት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። በርበሬው፣ ምጥን ሽሮው፣ ኮሰረቱና ዳቦ ቆሎው ገብቶ፣ አንድ ጎረምሳ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ዚፑ እንደምንም ከተዘጋ በኋላ የእጅ ሚዛኑ 26 ይላል። አክስት ሚዛኑ የተበላሸ መሆኑን ያስረዳሉ። እንደገና ይመዘናል፤ 26። ሽሮው ይወጣል፤ ግማሹ ተመልሶ ይገባል። በዚህ መሐል የጎረቤት ልጅ እህቷ ዘንድ የምትደርስ «ትንሽ ዕቃ» ይዛ ብቅ ትላለች። «ትንሽ ዕቃ» የክብደት መለኪያ ሲሆን፣ ከሁለት ኪሎ በታች የሆነ ናሙና አልተገኘም።

የተረፈው ወደ እጅ ቦርሳ ይዛወራል። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ላይ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ሲበልጥ ተጨማሪ ፍተሻ ሊያስከትል እንደሚችል ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተደንግጓል። በርበሬ ዱቄት ነው ብለው የተቀበሉ አክስት ግን የሉም።

ሁለተኛው መላ ምት ደረቅ ነው፤ ሚዛን የሚደፋውም እሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉ ደግሞ አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ስለዚህ የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ቢረዝምም፣ ሰውና ጭነት የሞላ አውሮፕላን አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅ በሙሉ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። አትላንቲክ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ያው ነፋስ በመመለሻው ከኋላ ይገፋዋል።

ሁለቱን መላ ምቶች ለማለያየት የመመለሻውን ሻንጣ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ስኒከር፣ ቫይታሚን፣ ሎሽን፣ ጃኬት፣ ያገለገለ ላፕቶፕ፤ እሱም 46 ኪሎው ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። አውሮፕላኑ ግን የትም ሳያርፍ ይደርሳል። ስለሆነም በርበሬ ከክሱ በነጻ ተሰናብቷል፤ ጥፋተኛው ከፍታው ነው። አክስት በውሳኔው አልተገረሙም።

ደለስ ቆሞ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው የመሄጃውን ሰዓት በመመለሻው እንዳያሰላ ይመከራል። ቋንጣ ከተያዘም ሥጋው እንደማያልፍ አውቆ የጉምሩኩን ቆይታ ይጨምርበት።