ጥላ በጅቡቲ ከተማ፦ ለምሰሶ ጥላ ልዩ ትኩረት የሰጠ ጥናት

ጥላ ማለት ብርሃን የማያሳልፍ ነገር በፀሐይና በመሬት መካከል ሲገባ የሚገኝ፣ ኪራይ የማይጠየቅበት፣ ባለቤትነቱም በካርታ ያልተረጋገጠ ንብረት ነው። ደገኛው ኢትዮጵያዊ ይህን ንብረት ከስሙ በቀር አያውቀውም፤ በኅዳር ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ ያደገ በመሆኑ፣ ጥላ የሚያነሣው ወይ ስለ ብርድ ሲያማርር፣ ወይም አንድን የተከበረ ሰው «ጥላው ይከብዳል» ሲል ነው። ጅቡቲ ከተማ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ትምህርቱን ከፊደል ገበታ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ስለ ጥላ ጥራት አስተያየት መስጠት ይቃጣዋል። ይህም አያስገርምም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚዘልበትና ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አቧራውን ጭኖ በሚነፍስበት ወራት፣ ከቤት ወጥቶ ሱቅ ደርሶ መመለስ የእግር ጉዞ ከመሆን ይልቅ ድንጋይ እየመረጡ ወንዝ እንደ መሻገር ያለ ሥራ ነውና።

ከጥላዎች ሁሉ በማዕረግ የሚቀድመው የቅስት ጥላ ሲሆን፣ ይኸውም በይፋ ስሙ የ27 ጁን 1977 አደባባይ፣ በሰው አፍ ግን ዛሬም ምኒልክ አደባባይ በሚባለው ስፍራ ዙሪያ ያሉት ባለ ቅስት ሕንፃዎች የሚሰጡት ነው። የቅስት ጥላ ሰፊ፣ ቋሚና ሰነፍ ነው፤ እርሱ ስለማይንቀሳቀስ ተጠቃሚውም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የሚጠና ነገር የለውም። በአምቡሊ የአትክልት ስፍራ ያለው የዘንባባ ጥላ ደግሞ ወንፊት ነው፤ ጥላ የሚባለው በአክብሮት ነው። ጫቱ እኩለ ቀን ገደማ ከኢትዮጵያ ሲደርስ ሻጮቹ ሴቶች የሚቀመጡበት የጃንጥላ ጥላ እጅግ ጥሩ ቢሆንም፣ ሳይገዙ ከሥሩ የሚቆዩበት ጊዜ ዋጋ ጠይቆ «ውድ ነው» እስከ ማለት ያህል ብቻ ነው። የደመና ጥላ መኖሩ በንድፈ ሐሳብ ይታመናል።

የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይ የሆነው የምሰሶ ጥላ እስካሁን የሚገባውን ክብር አላገኘም። የምሰሶ ጥላ የሚባለው የመብራት ምሰሶ፣ በተለምዶ ፖል፣ ሚኒባስ በሚጠበቅበት ዳር መሬት ላይ የሚያሰምረው፣ ወርዱ ከአንድ ጎልማሳ ትከሻ የጠበበ፣ ርዝመቱ እንደ ሰዓቱ የሚለያይ ጥቁር መስመር ነው። ከወርዱ ጥበት የተነሣ በዚህ ጥላ ውስጥ የሚቆም ሰው ፊቱን ወደ ምሰሶው ካዞረ ሁለቱም ትከሻዎቹ ፀሐይ ላይ ስለሚቀሩ፣ ትከሻውን ለመስመሩ አስገዝቶ ፎቶግራፍ ሊነሣ እንደ ተሰናዳ ሰው በጎኑ ይሰለፋል።

ስለ ርዝመቱ የሚነገረው ከዚህ የረቀቀ ነው። በመጋቢት ወይም በመስከረም አጋማሽ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ 6 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ይህን የሰማ የሒሳብ ሰው ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜትር መድቦ 12 ሰዎችን ቢያሰልፍ ይሳሳታል፤ ጥላው ከምሰሶው በራቀ ቁጥር በአየር ላይ እየዘቀዘቀ ስለሚሄድ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ራሱ እንዲጠለል ከ4 ሜትር ከ30 በላይ መራቅ አይችልም። ስለዚህ ቦታው ለ8 ጎልማሶች ብቻ ይበቃል፤ ቀሪው ጫፍ የሕፃናት፣ የዘንቢልና ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ድርሻ ነው። ረጅም ሰው ወደ ምሰሶው ይጠጋል፤ አጭር ሰው፣ በሌላ ስፍራ የማያገኘውን ነፃነት አግኝቶ፣ የፈለገበት ይቆማል።

በሚኒባስ ውስጥ «ጠጋ በሉ» የሚለው ትእዛዝ ወደ ጎን ይፈጸማል። በምሰሶ ጥላ ግን ወደ ጎን መጠጋት መውጣት ማለት ስለሆነ፣ ቃሉ የሚያገለግለው ወደ ምሰሶው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ረፋዱ እየገፋ ጥላው ባጠረ ቁጥርም ከበስተኋላ ይበልጥ ይሰማል። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ሲመጡ «እማማ፣ ወደዚህ ይግቡ» የሚል ወጣት አይጠፋም፤ እርሱም ቦታውን ለቆ ወደ ጫፍ ይሄድና ከቁርጭምጭሚቱ በታች ብቻ ጥላ ያገኛል። ይህ ንዑስ ዓይነት የጫማ ጥላ ይባላል። የጫማ ጥላ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም ባይታወቅም፣ ጨርሶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው እስካሁን አልታየም።

ምሰሶው ግን ለጋስ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ፣ ያው ባለ 6 ሜትር ምሰሶ ሰው ለፀሐይ በማይማረርበት በታኅሣሥ እኩለ ቀን 4 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ሲያድል፣ በሚያቃጥለው ሰኔ አጋማሽ የሚቆርሰው 1 ሜትር ከሩብ ብቻ ነው። ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 ገደማ ደግሞ ፀሐይ በአናት ላይ በቀጥታ ስለምታልፍ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ ጥላው ፈጽሞ ይጠፋል። ኤራቶስተኔስ የተባለው ሊቅ፣ በዛሬዋ አስዋን እንዲህ ያለ ጥላ የሚጠፋበት ቀን መኖሩን መነሻ አድርጎ የምድርን ዙሪያ ለክቷል፤ በጅቡቲ ግን የፍልሰታን ጾም ፈትቶ፣ በዶሮ ወጥ ጠግቦ ከምሰሶው ሥር የቆመው ኢትዮጵያዊ እግሩን አይቶ፣ ቀና ብሎ ምሰሶውን አይቶ፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይተኛል።

የቤት ጥላ በበኩሉ ወንበር ጎታች፣ ደጃፍ ጠባቂ እና ልብስ ሥር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ወንበር ጎታች የሚባለው ጧት ከቤቱ በስተምዕራብ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ በስተምሥራቅ የሚያልቀው ሲሆን፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የሻይ ብርጭቆ ይዞ የሚከተለው ሰው በቀን ቤቱን በግማሽ እንዲዞር ያደርገዋል። የቀሩትን ሁለቱን ማብራራት አላስፈለገም፤ 11 ሰዓት ሆኖ ግቢው ውሃ ተረጭቷል፣ የአፈሩም ሽታ ተነሥቷል፣ ሰውም ሁሉ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወደ ሲየስታ የባሕር ዳርቻ መውጣት ጀምሯል፤ 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማዋ በሙሉ አንድ ጥላ ስለምትሆን ለመመደብ አትመችም።

አንባቢው በምሰሶ ጥላ በኩል የሚያልፍ ቢሆን የሚለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመስመሩ ላይ ተሰልፈው የቆሙትን ሰዎች መንገድ ለማግኘት ብሎ ወደ ጎን «ጠጋ በሉ» አይበላቸው፤ በኋላቸው ይዙር።