በኒዶ ጣሳ ውስጥ ኒዶ ስላለመኖሩ፦ የአዲስ አበባ ጓዳ የዕቃ አያያዝ ሥርዓት

ኩሽናን ስለማደራጀት የሚጻፈው ሁሉ ከአንድ ስሕተት ይነሣል። ዕቃ የሚቀመጠው ሲፈለግ እንዲገኝ ነው ተብሎ ይታሰባል። የአዲስ አበባን ጓዳ በቅርብ የተከታተለ ሰው ግን ይህ ከእውነቱ ግማሹ ብቻ መሆኑን ይረዳል። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚቀመጠው አንድ ሰው እንዲያገኘው፣ የቀረው ቤተሰብ ደግሞ እንዳያገኘው ነው። ያ አንድ ሰው እናት ናት። ከዚህ መነሻ ካልተነሡ በቀር ከታች የሚዘረዘረው ሁሉ ዝርክርክነት ሊመስል ይችላል።

ስለ ጥናቱ ዘዴ ጥቂት ማለት ግድ ነው። መረጃው የተሰበሰበው ቡና ተጠርቶ በመሄድ፣ ከአቦሉ በኋላ “እጄን ልታጠብ” ብሎ በመነሣት ነው። ዘዴው ውስንነት አለው። ወንድ ተመራማሪ ጓዳ ውስጥ እጅ ከሚታጠብበት ጊዜ በላይ ቆሞ ከተገኘ “ምን ፈለግህ? ንገረኝ፣ እኔ አመጣልሃለሁ” ይባላል። በሌሎች የምርምር መስኮች ይህ የሥራ ፈቃድ መሰረዝ ይባላል።

ንጽጽር የሌለው ጥናት ጥናት አይባልምና ወደ ጀርመን ጎራ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬት ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች የሚሆን ኩሽና ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነበር። 10,000 ያህል ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ዝንብ ሰማያዊ ቀለም ትሸሻለች ተብሎ ስለታመነ ቁም ሣጥኖቹ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ተቀቡ። የዱቄቱ መሳቢያ ትል እንዳይደፍረው ከኦክ እንጨት ተሠራ። ሩዙ፣ ስኳሩና ሌላው ደረቅ ነገር በአሉሚኒየም መሳቢያዎች ተደለደለ፤ በእያንዳንዱ መሳቢያ ላይም የያዘው ነገር ስም ተጻፈበት።

ሴትዮዋ ዛሬ የዘመናዊ ኩሽና እናት ተብላ ትታወሳለች። የንድፉ ድክመት ግን ከጓዳችን በር ላይ ቆሞ ለሚያየው ግልጽ ነው። “ስኳር” ተብሎ የተጻፈበት መሳቢያ ውስጥ ስኳር እንዳለ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይህ ዕቃ ማስቀመጥ ሳይሆን ዕቃ ማሳየት ነው።

ጀርመን ለዓለም ጓዳ ያበረከተችው ሁለተኛው ነገር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለጦር ሠራዊቷ ነዳጅ ማመላለሻ የሠራችው ጀሪካን ነው። የኢትዮጵያ እናቶች ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጡ መናገር አያሻም። ጀሪካን ስም የለውም። ዛሬ ዘይት የያዘው ነገ ውኃ፣ ለፋሲካ ጠላ ይይዛል። አርጅቶ ሲያፈስ አንገቱ ተቆርጦ የሽንኩርት ማስቀመጫ ይሆናል፤ ሽንኩርት ለማስቀመጥ ካልበቃ አፈር ተሞልቶ ጤናዳም ይተከልበታል። የፍራንክፈርቱ መሳቢያ እንዲህ ያለ የሥራ ዕድገት ታይቶበት አያውቅም።

የሥርዓቱ ምሰሶ ግን የኒዶ ጣሳ ነው። የኒዶ ጣሳ ዕድሜ በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። የመጀመሪያው የዱቄት ወተት የሚይዝበት ሲሆን እጅግ አጭር ነው፤ ለሳይንስም ፋይዳ የለውም። ሁለተኛው ጣሳው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከተደፋበት ሰዓት ይጀምራል፤ ማብቂያው እስካሁን አልታየም። አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ምጥን ሽሮ፣ ያገለገለ ሻማ ሁሉም በዚሁ ያልፋሉ። ከአብሹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የዕቁብ ብር ሊኖር ይችላል። ባንክ ቤት የገባ ገንዘብ መጠኑን ባል ሊያውቀው ይችላል፤ አብሽ ሥር የገባውን ግን ጠረኑ እንኳ አይናገርም። ጎን ለጎን የቀለም ባልዲው ይቆማል። “ለውጭ ግድግዳ” የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ውስጡ በርበሬ ነው። ይህን ያየ ሌባ በርበሬ እንዳለ አይጠረጥርም፤ ቀለም ቀቢ ቢመጣም አይሰርቀውም፣ ምክንያቱም ያነሣውና ቀላል መሆኑን ያውቃል።

ሥርዓቱ በቃል የሚተላለፍ እንጂ የሚጻፍ ስላልሆነ ማስረጃው ንግግር ብቻ ነው። ተከታዩ በየቤቱ ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ይሰማል።

“ኮረሪማውን አምጣልኝ።”

“የት ነው እማ?”

“ኒዶው ውስጥ።”

“የቱ ኒዶ?”

“ከባልዲው ጀርባ ያለው ነዋ!”

“እሱ ምስር ነው።”

“ከምስሩ ጎን! ዓይን የለህም?”

“የለም እማ።”

“መጥቼ ባገኘው ግን!”

ትመጣለች። ዓይኗ ሌላ ቦታ እያየ እጇን ብቻ ትልካለች። ኮረሪማው ልጁ ደጋግሞ ባየበት ስፍራ ይገኛል። ልጁ የሚሰነዝረው “ቅድም አልነበረም” የሚል መከላከያ በፊዚክስ ሊደገፍ ቢችልም በቤት ውስጥ ተቀባይነት አግኝቶ አያውቅም።

አንድ አደገኛ ንዑስ ክፍል አለ፤ ቀልድ የሌለበት ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ሃይላንድ፣ ማለትም ውኃው ያለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጸበልም አረቄም ጋዝም በረኪናም ይዞ ይገኛል። ከሩቅ አራቱም ውኃ ይመስላሉ። መለያው አፍንጫ ነው፤ የልጅ አፍንጫ ደግሞ ከልጅ ጉሮሮ ይዘገያል። ምስጢራዊነት መልካም ነው፤ በረኪናና ጋዝ ግን በራሳቸው ዕቃ፣ ከፍ ብለው ይቀመጡ።

ወደ ጥናታችን እንመለስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለሥርዓቱ ከባድ ፈተና ነበር። ዕቅዱ እንጀራ መጋገሩንም በግ ማረዱንም ልብስ ማጠቡንም ከብሎኮቹ መሐል ለተሠራው የጋራ መገልገያ ቤት ስለተወው ኩሽናው ምጣድን አላሰበም። ምጣድ ግን ራሱን አሳሰበ። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነገር በየትኛውም ቁም ሣጥን በር አይገባም። ስለዚህ ወደ በረንዳ ወጣ። ሙቀጫው ተከተለው፤ የከሰል ምድጃውም “ለቡና ብቻ” ተብሎ ወጣ። ድርቆሹ በአንሶላ ላይ ተሰጣ። በረንዳው ሲሞላ ልብስ ማስጫው ወደ ሳሎን ገባ።

ቀሪው ጓዝ ወደ መኝታ ቤት ያመራል። አልጋው በአራት ብሎኬት ከፍ ተደርጎ ኩንታል ጤፍ ሥሩ ይንሸራተታል። ሰፈሩ ጤፍን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬው ከመድቀቁ የተነሣ ነቀዝ አይመቸውም፤ ዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ባቄላ ወይም በቆሎ አልጋ ሥር ቢገባ ሌሊቱን የሚሰማው ሌላ ነው። የቀደሙት ሰዎች እህሉን ለጎተራና ለጎታ፣ ራሳቸውን ለመደብ ይሰጡ ነበር፤ የዛሬው ከተሜ ሁለቱን አዋሕዶ በ100 ኪሎ ጤፍ ላይ ይተኛል። የጤፍ ዋጋ ከሚጨምርበት ፍጥነት አንጻር አልጋው ላይ ካለው ሰው ይልቅ ከሥር ያለው ጆንያ በዋጋ እያደገ የሚያድረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ መቅረጽ ይቻላል፦ ዕቃ አይቀንስም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ። ንጹሕ ኩሽና ማለት ዕቃው ሌላ ክፍል ያለበት ኩሽና ነው። የሥርዓቱ ተቃዋሚዎች ይህ ማጭበርበር ነው ሊሉ ይችላሉ። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ሳሎኑን መሆኑን ግን ማስታወስ ያሻል።

ሳሎኑ ደግሞ በቡፌ ይጠበቃል። አንድ ሰሃን ቡፌ ውስጥ ከገባ ከምግብ ጋር የነበረው ግንኙነት ያበቃል። ባለወርቅ ጠርዙ ሰሃን፣ ባለ አበባው የሻይ ስኒ፣ ከሠርግ ስጦታ የተረፈው ሾርባ ማቅረቢያ፣ ሁሉም ከመስተዋቱ ጀርባ ሆነው ቤተሰቡ ጠርዙ ከተፈነከተ ትሪ ሲበላ ይመለከታሉ። ለምን እንደሚቀመጡ ሲጠየቅ “ለእንግዳ” የሚል መልስ ይገኛል። የመጣው እንግዳ ግን መቼም ያ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከዚያም በላይ፣ እንጀራን በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚቆርስ ሕዝብ 24 ሰሃን ከሾርባ ጎድጓዳው ጋር ለምን እንዳሻው ከሞሰብ አንጻር ሲታይ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ከጓዳው በር ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ ፌስታል የሞላበት ፌስታል ይንጠለጠላል። ይህ ክምችት ከሕግ አውጪው ጋር ረጅም ታሪክ አለው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነው የማይበሰብስ ፌስታል ምርትና ማስገባት ላይ ገደብ ጣለ። እናቶች ውፍረቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሽተው ይለካሉ፤ ስሱ ለሽንኩርት ልጣጭ፣ ወፍራሙ ታጥቦ ለሥጋ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፌስታልን ጨርሶ ከለከለ። በጥናታችን ከታዩት ፌስታሎች ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለገለ ግን አልተገኘም።

የጃፓኗ ማሪ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው መጽሐፍ ዕቃን አንድ በአንድ እያነሡ “ደስታ ይሰጠኛል?” ብሎ መጠየቅን፣ የማይሰጠውን አመስግኖ ማሰናበትን ለዓለም አስተማረች። ጥያቄው ወደ እኛ ጓዳ ቢገባ የተሰነጠቀው አክንባሎ ደስታ አይሰጥም፤ እጀታው የወለቀው ጭልፋም አይሰጥም። የእኛ መመዘኛ ሌላ ነው፦ “አንድ ቀን ይፈለጋል።” ያ ቀን ባልታሰበ ሰዓት የሚመጣ በመሆኑ ጭልፋው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ኮንዶ ራሷ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቤቷን ሁልጊዜ ማስተካከሉን እንደተወችው እ.ኤ.አ. በ2023 ተናግራለች። ሰባትና ስምንት ልጅ ያሳደጉት እናቶቻችን ይህን በትሕትና አልፈውታል።

የአንዳንድ ጓዳ ግዛት ደግሞ ከባሕር ማዶ ይሻገራል። ለልጅ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ሲታሸግ 23 ኪሎ የሚይዝ ሻንጣ ራሱ መደርደሪያ ሆኖ ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ጋራዥ የቆመው ሁለተኛ ፍሪዘር፣ እንጀራው እንደ ዶሴ ተደርድሮበት፣ አዲስ አበባ ካለው ጓዳ የሚመራ ቅርንጫፍ ነው። ሽሮው ሊያልቅ ሲል ቀድማ የምታውቀው ልጅቷ ሳትሆን እናትየዋ ናት፤ በስልክ ድምፅ ትለየዋለች።

ለመጨረሻ ያቆየሁት በእኔ ግምት ከሁሉም የላቀውን ፈጠራ ነው፤ ዕቃን ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ። ጎረቤት በሰሃን ቆሎ ወይም ዳቦ ልካ ከሆነ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። የሚሞላበት ነገር እስኪገኝ ድረስ ሰሃኑ እዚያው ይከርማል። በየትኛውም ሰዓት የአንድ ሰፈር ሰሃን ከፊሉ በገዛ ቤቱ የለም ማለት ነው፤ ኩሽናዎቹ የሚጠሩትም ለዚህ ነው። ትልቁ ብረት ድስት፣ ወንበሩና ድንኳኑ ደግሞ የዕድር ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ እንኳ የማያስፈልገውን ዕቃ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ግምጃ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ቆጥሮ የሚያስረክብ፣ የጎደለውን የሚያስከፍል ሹም አለው። ሹተ ሊሆትስኪ ይህን ብታየው ኖሮ ኩሽናዋን ከ1.9 ሜትርም ታጠብበው ነበር።

ለሠርግ ወይም ለተዝካር ሰሃን ማዋጣት ሲመጣ ባለቤቷ ሥሩን በጥፍር ቀለም ትቀባለች፤ አንዷ ቀይ ነጥብ፣ ሌላዋ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል። ድግሱ ሲያበቃ ሁሉም የየራሱን ይለያል ይባላል። የእኛ ቡፌ ውስጥ ግን ሥሩ ላይ “አ” የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለበት ሰሃን አለ። በቤታችን በ“አ” የሚጀምር ስም የለም። እናቴን ስጠይቃት “ባለቤቷ እስክትመጣ ነው” አለችኝ፤ ሎሚም አስቀምጣበታለች።